ይርዳው ብስክሌቱን እየገፋ የሄደ ጊዜ

ስለ ይርዳው ሲወራ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ብስክሌቱን ነው። ያናድደኛል። ሰውዬው ብስክሌት ብቻ ነበር እንዴ? እኔ ዋሴ ንፋስ መውጫ ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ስልከኛ ሆኜ ስኖር ከማንም በላይ የማውቀው እሱን ነው። እንጀራ አብረን በልተናል፤ ተጣልተናል፤ ታርቀናል። ሊወራ ከሆነ ደግሞ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ላውራው። መጨረሻ ላይ የኔም ጥፋት አለበት። እሱንም አልደብቅም።

ይርዳው የእስቴ ሰው ነው፤ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ገብስና ባቄላ ከሚያርሱ ሰዎች ቤት ተወለደ። ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ መሬቱ ግን ለሁለትም አይበቃም። እሱ ትንሹ ነውና ደብረ ታቦር ሄዶ ጎማ ከሚለጥፍ ሰው ዘንድ ተቀጠረ። ካላማዳሪያ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረ የቀዳዳውን አረፋ ሲፈልግ ስድስት ዓመት ኖረ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ጣልያን ጥሎት የሸሸ አንድ ብስክሌት ነበር፤ መሪው የጠመመ፣ ኮርቻው የበሰበሰ። ይርዳው እሱን በትርፍ ጊዜው ጠግኖ፣ ከበግ ቆዳ ኮርቻ ሰፍቶለት መንዳት ጀመረ። ጌታው ሲያይ «በል ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያንተ ነው» ብሎ ሰጠው።

በንጉሡ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ እንደገቡ፣ መንግሥት የደብዳቤ ተላላኪ አድርጎ ቀጠረው። ሥራው ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ፣ የጉናን ትከሻ ተሻግሮ ንፋስ መውጫ ድረስ ነው። ከሱ በፊት ደብዳቤ በበቅሎ ይመጣ ነበር፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ይርዳው ማልዶ ከተነሣ ጀንበር ስትጠልቅ ይደርሳል። እኔ በመጀመሪያ አላመንሁም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አይቼ «ይህ በዛሬው ቀን የተጻፈ ነው፤ ማኅተሙን ማን አጭበረበረው?» ብዬ ጮህሁበት። ሳቀና «እግሬን ጠይቀው» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎችም ቆመው ሳቁብኝ፤ ለሳምንት አኮረፍሁት።

መንገዱ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ጣልያን ጀምሮት የሄደ፣ በኋላ ሕዝብ በዶማ የጠጋገነው ጠጠር ነው። የጉና ነፋስ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ ድንጋዩን ብቻ አስቀርቶታል። ይርዳው እያንዳንዱን ቁልቁለት በስም ያውቀዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አንዱን «ጥርሴን» ይለዋል፤ የፊት ጥርሱን ያወለቀበት ነው። አንዱን «አማቴ» ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። «ጠጠር ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ይወድቃል» ይል ነበር፤ «ወደ ኋላ ተደገፍና ልቀቀው፤ ጎማው መንገዱን ራሱ ይፈልጋል።» ክረምት ሲመጣ ጭቃው ጎማው ላይ ስለሚጋገር ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ያን ጊዜ እኔ «ማን ማንን ነው የሚነዳው?» እያልሁ አሾፍበታለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ክምር ድንጋይ ላይ አንድ ቄስ ይርዳው ሲከንፍ አይተውት በስመ አብ ብለው ጠበል ረጩት። ይርዳው ቆሞ ፊቱን ጠረገና «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አቧራው ሊደፋኝ ነበር» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆኑ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሰው ነበር። ኋላ ያየው ሰው ይህን አያምንም።

ያበላሸው ፍጥነቱ ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ ሩቅ ነው፤ መልእክት መድረስ አለበት። ስልኩ ከተሞቹ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደ ገጠሩ ከይርዳው የሚፈጥን ደግሞ የለም። ከመንግሥት ደብዳቤ ጋራ የሕዝቡንም ሞት ይጭኑበት ጀመር። እምቢ አይል ነገር፤ ሞት ነው።

መርዶ እኛ አገር እንደ ደብዳቤ ተቀበል ተብሎ አይሰጥም። ወግ አለው። መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሲመሽ አይነገርም፤ ሰውየው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ይደር ይባላል። ጧት ጎሕ ሲቀድ አንድ ሽማግሌ ወይም ቄስ ተጠርቶ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ሄደው ያረዱታል። ሰውየው ሩቅ ከሆነና መሄድ ካለበት ደግሞ እስኪደርስ «ታሟል፣ ድረስ» ይባላል። እንዲያውም እንዳይጠረጥር «መድኃኒት ይዘህ ና» ይጨመርበታል። ይርዳው ይህን ስንት ጊዜ አድርጎታል! ከተቀበረ ሦስት ቀን የሆነውን ሰው ልጅ «አባትህን ትንሽ አሞታል፤ ከክሊኒክ ክኒን ገዝተህ ሂድ» ብሎ ልኮታል። ልጁ ክኒኑን ጨብጦ እየሮጠ ሲሄድ ከኋላው ቆሞ አይቷል።

በመጀመሪያ ያለቅስ ነበር። እኔ ቤት መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል፤ ሚስቴ ተዋበች ውሃ ትሰጠዋለች። በሦስተኛው ዓመት ማልቀሱን ተወ። በአምስተኛው ማውራቱንም ቀነሰ። ሰዉም ይፈራው ጀመር። የብስክሌቱ የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ስለሚንኳኳ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲሰማ ሴቶች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ይጥላሉ፤ ደጁን አልፎ ሲሄድ «ተመስገን» ይላሉ። ሰው ሲራገም «ይርዳው ደጅህ ይቁም!» ይል ጀመር። ወይ ጉድ! ሰውዬው ይህን በጆሮው ሰምቶታል። «ምን ተሰማህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ምንም» አለኝ፤ «እጄ ላይ በመሪው የደደረውን ቆዳ አይተኸዋል? መርፌ ብትሰካበት አይሰማኝም። እንደሱ ነው።»

እሱ ሲመጣ ደስ የሚላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሚስቱ ጌጤ። ጌጤ መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትቸረችራለች። ቀጭን ናት፤ አፏ ግን ምላጭ ነው። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ከሰው ፊት ግን አዝነው አያውቁም። የቆርቆሮው ድምፅ ሲሰማ የሌላው ሰው በር ሲዘጋ የሷ ይከፈታል። «መጣልኝ የሞት መልአኬ!» ብላ ትቀበለዋለች፤ ጎረቤት ይሳቀቃል፤ እሱ ይስቃል። ሌላ ቦታ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ቤታቸው እንግድነት ሄጄ ያየሁት ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ዓመቱ ሃምሳ አምስት ነው፤ ወሩ የካቲት፤ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የጌጤ ወንድም ካሴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ።  «ጌጤ በጠና ታማለች። የሳንባ ምች ነው ብሏል የሚያክማት ድሬሰር። መርፌው እዚህም ደብረ ታቦርም አልቋል። ይርዳው ዛሬ እናንተ ዘንድ ይገባል፤ ከክሊኒካችሁ ፔኒሲሊን ይዞ ቶሎ ይድረስ በልልኝ» አለ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ነፋሱ እንኳ የዚያን ቀን ሽቦውን አላንገጫገጨውም። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ዘግቼ ተቀመጥሁና ለራሴ «ጌጤ ሞተች» አልሁ።

ምን ላድርግ? በዚያ ስልክ ስንት «በጠና ታሟል» ተቀብያለሁ! ከዐሥሩ ዘጠኙ አፈር የለበሰ ነው። መድኃኒት ይዞ ይምጣ የሚለውም ያው የምናውቀው ነው። ካሴን «በእውነት ታማ ነው ወይስ?» ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ነውር ነው።

ሊመሽ ሲል ይርዳው ደረሰ፤ አቧራ ለብሶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ። «ስልክ አለ?» አለኝ። «የለም» አልሁት። ነግሬያት ነበርና ተዋበች ዶሮ ልትይዝ ተነሣች፤ በዐይኔ ተቆጣኋት። በማይታረድበት ቀን ዶሮ ቢታረድለት ያውቃል። ሽሮውን በላ፤ ጠላውን ጠጣ፤ እግሩን ታጥቦ ተኛ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ተዋበች «እንዴት አስችሎህ ዝም አልህ?» አለችኝ። «ሲነጋ ነው ወጉ» አልኋት። እንግዲህ አንድ ሌሊት የበላሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ መጀመሪያ ክሊኒክ ሄድሁ። የክሊኒኩ ሰው «ለማን ነው?» አለ። «ለይርዳው ሚስት» አልሁት። ፊቴን አየና ወረቀት ሳይጠይቅ አራት ብልቃጥ ጥጥ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ መሪጌታ ተክለ ማርያምን ቀስቅሼ ይዣቸው መጣሁ። ይርዳው ጎማውን እየነፋ ነበር። ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከኋላዬ መሪጌታን አየ፤ መሪጌታ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው መሬት መሬት ያያሉ። መንፊያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይርዳው» አልሁት፤ «ካሴ ደውሎ ነበር። ጌጤን አሟታል። ይህን መድኃኒት ይዘህ ድረስ።»

«መቼ ደወለ?»

«ትናንት።»

«ትናንት» አለ። ብልቃጦቹን ተቀብሎ ጥጡን ገለጥ አድርጎ አያቸው። መልሶ ጠቀለላቸውና የደብዳቤው ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መሪጌታ። እንዲህ ማልደው ተቸገሩ» አላቸው። መሪጌታም «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት። በቃ! ለታመመ ሰው ባል ማን ነው «ያጽናህ» የሚለው? እሳቸውም ሞታለች ብለው ነው የመጡት፤ እኔ ነኝ ያልኋቸው። ይርዳው ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰ፤ እንደ ሐዘንተኛ። የብስክሌቱን መሪ ይዞ መግፋት ጀመረ።

«ለምን አትወጣበትም?» አልሁት።

«ምን ያስቸኩለኛል» አለ።

ይህን ሲል እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ግልግል። አውቆታል፤ ከኔ አፍ መውጣት አላስፈለገም፤ አልሁ። ሞት ይርሳኝና ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። ቆሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየሁት፤ ከከተማው ሲወጣ ይወጣበታል ብዬም አስቤ ነበር።

አልወጣበትም። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው በዕለቱ ይቀበራል። ሰኞ የሞተች ሴት ሰኞ አፈር ገብታለች፤ ለባል የቀረው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ አይሮጥም። ወደ ሐዘን ቤት በቅሎ እንኳ እየጋለቡ አይገቡም። ቆርቆሮ እያንኳኳ፣ እግሩን እያወናጨፈ ሚስቱ ወደሞተችበት ቤት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይርዳው ወግ ያውቃል። ገፋ።

ግን ጌጤ በሕይወት ነበረች። ይርዳው ያን ቀን ቢነዳ ማክሰኞ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ነበር፤ መድኃኒቱም ከረጢቱ ውስጥ ነበር። እሱ «ጥርሴን» የሚለውን ቁልቁለት በእግሩ ወረደ፤ «አማቴ» የሚለውን ወረደ፤ የጉናን ብርድ በእግሩ አለፈ። በሕይወቱ ሙሉ እየከነፈ ያለፈውን ጠጠር አንድ በአንድ ረገጠው። ኋላ እንደነገረኝ መንገዱ ዳር ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ ጅብራ፣ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያን ዕለት ነው። «ምን ታስብ ነበር?» አልሁት። «ምንም አላስብም ነበር። ድንጋዩ ብዙ ነው እያልሁ ነበር።»

ማክሰኞ ማታ ክምር ድንጋይ ደረሰ። እዚያ ስንዱ የምትባል ጠላ ሻጭ ደንበኛው ነበረች። እየገፋ ሲመጣ አይታ «ምነው፣ ተነፈሰብህ?» አለችው። «ጌጤ ሞተች» አላት። ስንዱ ደረቷን መታች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ሴቶቹ «ጌጤ! ጌጤ!» እያሉ አለቀሱላት። ጠበል የረጩት ቄስ መጥተው ፍትሐት አደረሱላት። አስቡት እንግዲህ! ሴትየዋ መካነ ኢየሱስ ላይ ተኝታ እያሳላት፣ ክምር ድንጋይ ላይ ነፍሷን ይማር ተባለላት። ይርዳው መሐላቸው ተቀምጦ አንድ እንባ አልወጣውም። ስንዱ ከዓመት በኋላ «እንደ ግንድ ነበር፤ ሳየው ፈራሁት» ብላኛለች።

ረቡዕ ጧት እኔ ዘንድ ስልኩ ጮኸ። ካሴ ነው። «ይርዳው የት ደረሰ? አልመጣም እኮ!» ይላል።

«በመንገድ ላይ ነው። ካሴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልሁት።

«ምን ታወራለህ? ጌጤ የት ደረሰ እያለች ትጠይቃለች!»

«ማን ናት የምትጠይቀው?»

«ጌጤ ናታ! ጌጤ! አትሰማም እንዴ?»

 ጆሮዬ ላይ ካሴ ይጮሃል፤ እኔ የማየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣዬን ነው።  ከዚያ ደብረ ታቦር ደወልሁ። «ብስክሌት እየነዳ የሚመጣ ሰው አለ፤ ይርዳው ነው፤ አስቁሙትና ሚስትህ አልሞተችም፣ ብረር በሉት!» አልሁ። ደብረ ታቦር ያለው ስልከኛ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ዘበኛ በጋሳይ በኩል ባለው የከተማው መግቢያ አቆመ። ይርዳውን የማያውቅ፣ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። እየነዳ የሚመጣ ተብሎ ስለተነገረው እየነዳ የሚመጣ ሲጠብቅ ዋለ። ብስክሌት የሚገፋውማ ደብረ ታቦር ሞልቷል፤ ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ ይገፋል። ይርዳው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተሸፋፍኖ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ በዘበኛው ፊት አለፈ። ዘበኛው እንዲያውም «መንገድ ልቀቅ» ብሎታል። ኧረ ምን ዓይነት ዕዳ ነው! «እየነዳ» ያልሁት እኔ ነኝ። በዓይኔ እየገፋ ሲሄድ አይቼው፣ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ብስክሌት ይገፋል ብዬ አላሰብሁም።

ሐሙስ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ደረሰ። ድንኳን ይጠብቃል፤ ድንኳን የለም። ለቀስተኛ ይጠብቃል፤ አንዲት ዶሮ ደጁን ትጭራለች። ካሴ ከጓዳ ወጥቶ «የት አባህ ነበርህ?» ብሎ አንገቱን አነቀው።  ይርዳው ከካሴ ትከሻ በላይ ጌጤን አያት፤ መደቡ ላይ በትራስ ደግፈዋት፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ብልቃጦቹን አውጥቶ ለድሬሰሩ ለአስናቀ ሰጠው። አስናቀ መርፌውን ቀቅሎ ወጋት። ከዚያ ይርዳውን ወደ ውጭ ጠራውና «ከትናንት ወዲያ ቢሆን ኖሮ» አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም።

ጌጤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሞተች። ይህን ለይርዳው ማንም ማርዳት አላስፈለገውም፤ እጇን ይዞ ነበር።

እኔ በሳምንቱ ለቅሶ ሄድሁ። ባልሄድ እወድ ነበር። ተዋበች ናት «ሂድና ፊቱን እይ፤ ሸሽተህ የት ልትደርስ ነው?» ያለችኝ። ደጁ ላይ ስደርስ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የፊት ጎማው የብረት ክብ፣ ቸርኬው፣ ተሰባብሮ፣ ሽቦዎቹ ወጥተው እንደ እሾህ ተንጨባርረዋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሳየው ደስ አለኝ። ተሰብሮበት ነው የገፋው! አልሁ። እኔ አይደለሁም፤ መሪጌታም አይደሉም፤ ብስክሌቱ ነው! የቤቱን ደፍ ስረግጥ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር።

አለቀስን። ሰዉ ሲቀንስ ሁለታችን ውጭ ወጥተን ግንድ ላይ ተቀመጥን። ከስቷል። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይርዳው፣ ያን ቀን ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልሁት፤ ማስቻል ስላቃተኝ።

«ብጠይቅህ ምን ትለኝ ነበር?»

«ታማለች እልህ ነበር።»

«ሞታ ቢሆንስ?»

የተቀመጥንበትን ግንድ ልጣጭ በጥፍሬ መላጥ ጀመርሁ።

«ታማለች ትለኝ ነበር» አለ፤ ያለ ቁጣ። «እኔም ለሰው እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። አንተን ምን ልበልህ።»

የራሴን ሸክም ላራግፍ ብዬ፣ «ብስክሌቱስ? መንገድ ላይ ነው የተሰበረብህ?» አልሁት። አዎ እንዲለኝ እንዴት እንደፈለግሁ!

«ደኅና ነበር» አለ። «ስገባ አንድ ሽቦ እንኳ አልላላም።»

ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። ሲያወራ ደብዳቤ የሚያነብ ይመስል ነበር። ሐሙስ ማታ አስናቀ ከወጋት በኋላ ጌጤ ዐይኗን ገልጣ አየችው። አቧራውን አየች፤ እግሩን አየች። ሦስት ቀን ሙሉ ያን የቆርቆሮ ድምፅ ስትጠብቅ ነበርና «ሳልሰማህ ገባህ» አለችው። «ብስክሌቱ ተሰብሮብህ ነው አይደል የዘገየኸው?»

«አዎ፣ ተሰበረብኝ» አላት።

«ምስኪን! ያን ሁሉ መንገድ በእግርህ!» አለችውና ጫማውን አውልቁለት ብላ ካሴን አዘዘችው።

ይርዳው ተነሥቶ ወጣ። በሚስቱ ሞት ላይ ውሸት እንዳይጨምር፣ ያላትን እውነት ሊያደርገው ነው የወጣው፤ እንዲህ ነው ያለኝ። ብስክሌቱን መሬት ላይ አጋደመው፤ መዶሻውን ከጓዳ አምጥቶ የፊት ቸርኬውን መምታት ጀመረ። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ የጣልያን ነው፤ ቶሎ አልተሰበረለትም። ደጋግሞ መታው። አልተናደደም፤ አላለቀሰም፤ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ነው የመታው። ድምፁ እቤት ውስጥ ይሰማል።

ጌጤም ከውስጥ፣ በዚያች በቀረቻት ትንፋሽ፣ ጠራችው።

«ተወው አሁን ይርዳው፣ ደክሞሃል» አለችው። «ነገ ትጠግነዋለህ። ና ግባ።»